ትግልና አደራ

ሰሞኑን በማደሪያችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥቂት ጓደኛሞች ተሰብስበን የጃፓንን የባለሙያ ትግል በፊልም ስንመለከት አንዱ ከመካከላችን ብድግ ብሎ፣ «አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ውሸት ነው፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ» አለንና መጽሐፉን ይዞ ወጣ። ንግግሩ በከፊል እውነት ስለ ሆነ በዚያ ሌሊት መልስ አላገኘሁለትም። አሁን ግን መልሴን በዚህ ጋዜጣ ላይ ላቀርብ እወዳለሁ፤ የተማሪ ክርክር በማስረጃ ሊፈታ ይገባዋልና።

በመጀመሪያ የሚታመነውን እንመን። ጃፓኖች «ፑሮሬሱ» በሚሉት በዚህ ትግል ማን እንደሚያሸንፍ ተጋጣሚዎቹ አስቀድመው ያውቃሉ። ነገር ግን ቴአትር ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ በመድረክ ላይ የሞተው ንጉሥ መጋረጃው ሲዘጋ ተነሥቶ ራቱን እንደሚበላ ያውቃል፤ እያወቀም ያለቅሳል። ትግሉ ከቴአትር የሚለይበት አንድ ነገር ቢኖር ሰው ከትከሻ በላይ ተነሥቶ ሲወረወር መሬቱ ተዋናይ አለመሆኑ ነው። ታጋዩ የሚወድቀው አንገቱንና ጀርባውን ለባላጋራው አደራ ሰጥቶ ነው። ስለዚህ እኔ ይህን ትግል የምመዝነው በአደራው አጠባበቅ ነው። የማነሣቸው ግጥሚያዎች ዓይነታቸው የተለያየ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1954 በቶኪዮ ኩራማኤ አዳራሽ ሪኪዶዛንና የጁዶው ጀግና ማሳሂኮ ኪሙራ አብረው ቆመው ከአሜሪካ ከመጡት ከሻርፕ ወንድማማቾች ጋር ገጠሙ። በየአደባባዩ በቆመው ቴሌቪዥን ፊት ሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። በጦርነቱ ከተሸነፈ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ይህ ሕዝብ ሪኪዶዛን ግዙፎቹን ፈረንጆች በመዳፉ ጠርዝ ሲመታ እያየ ተጽናና። ሪኪዶዛን ራሱ በኮሪያ የተወለደ ኮሪያዊ መሆኑ ግን ለተመልካቹ አልተነገረም ነበር።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን፣ በዚያው አዳራሽ፣ ሁለቱ ባልንጀሮች እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ። ኪሙራ በኋላ እንደ ተናገረው እኩል ለእኩል ሊለያዩ ተስማምተው ነበር። ሪኪዶዛን ግን በመካከሉ የምሩን ይደበድበው ዠመር፤ ኪሙራም ደሙ ፈስሶ ተዘረረ። ሪኪዶዛን በበኩሉ ጥፋቱን በኪሙራ ላይ አሳበበ። እውነተኛ ምት ለሚፈልገው ጓደኛችን እንግዲህ ይኸውለት! ነገር ግን ካየኋቸው ሁሉ ለዓይን የሚያሳፍረው ይህ ግጥሚያ ነው። ምቱ እውነት ሲሆን አደራው ተበላ።

ሁለተኛው የሴቶች ነው። ኦገስት 28 ቀን 1985 በኦሳካ፣ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች እንደ እኅታቸው የሚወዷት ቺጉሳ ናጋዮ ፊቷን ቀለም ከምትቀባው ከክፉዋ ከዳምፕ ማትሱሞቶ ጋር ገጠመች። ውሉ የተሸነፈችው ጠጕሯን ትላጭ የሚል ነበር። ናጋዮ ተሸነፈች፤ በሕዝብ ፊትም ተላጨች፤ አዳራሹ በልጃገረዶች ልቅሶ ተሞላ። ብዙዎች የሚያደንቁት ናጋዮን ነው። እኔ ግን ማትሱሞቶንም አደንቃለሁ፤ ሌላዋ እንድትወደድ ብላ በአገር ሙሉ መጠላትን መቀበል ቀላል ሥራ አይደለምና።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጁን 9 ቀን 1995 በቶኪዮ ቡዶካን የተደረገውን ነው። ሚትሱሃሩ ሚሳዋና ኬንታ ኮባሺ በአንድ ወገን፣ ቶሺያኪ ካዋዳና አኪራ ታዌ በሌላው ሆነው ከአርባ ደቂቃ በላይ ታገሉ። ሚሳዋና ካዋዳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆኑ ሚሳዋ በአንድ ክፍል ይቀድመው ነበር፤ ካዋዳም እስከዚያ ቀን ድረስ ታላቁን አንድ ጊዜ እንኳ ትከሻውን መሬት አስነክቶ አልረታውም። የኮባሺ እግር አስቀድሞ የተጐዳ ነበርና እነካዋዳ እርሱኑ ደበደቡት። በመጨረሻ መቆም ያቃተው ኮባሺ በወደቀው ሚሳዋ ላይ ተኝቶ በገላው ሸፈነው። ካዋዳ ግን ሚሳዋን አንሥቶ ጣለው፤ ዳኛውም ሦስት ቈጠረ። እኛ ታላላቆቻችንን በትምህርት ለመድረስ የምንደክም ተማሪዎች ይህን ስናይ ስለ ምን ልባችን እንደሚነካ መናገር አያስፈልግም።

«የእኛ ትግል ግን እውነተኛ ነው» የሚሉም ተነሥተው ነበር። እነዚህ ገመድ ላይ መንጠሩን ትተው በእርግጫና መገጣጠሚያን በመቆለፍ ይታገሉ ነበር። የእነርሱ አለቃ ኖቡሂኮ ታካዳ ኦክቶበር 9 ቀን 1995 በቶኪዮ ዶም፣ 67,000 ሰው ተገኘ በተባለበት ጉባኤ፣ በኬይጂ ሙቶ ተረታ፤ የተረታውም ጭፍሮቹ የጨዋታ ነው ብለው በሚንቁት በአሮጌው የአራት ቍጥር የእግር ቁልፍ ነው። ኦክቶበር 11 ቀን 1997 ደግሞ በዚያው ሥፍራ ከብራዚላዊው ሪክሰን ግሬሲ ጋር ያለ ስምምነት በእውነት ቢገጥም አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጁን ሰጠ። ከዚህ የምንማረው፣ ጥበቡን ጥበብ ነው ብሎ የሚያቀርበው ሰው እውነት ነው ብሎ ከሚምለው ይልቅ ሐቀኛ መሆኑን ነው።

አንድ የማልቀበለው ዓይነትም አለ። ኦገስት 4 ቀን 1990 በቶኪዮ ሺዮዶሜ አትሱሺ ኦኒታና ታርዛን ጎቶ ገመዱ በእሾሃም ሽቦ በተተካበት፣ ሽቦውም ሲነካ በሚፈነዳበት መድረክ ታገሉ። ድፍረታቸውን አልክድም። ነገር ግን አንገትን ለባልንጀራ እጅ አደራ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ለፈንጂ መስጠት ሌላ ነው። ፈንጂን የለመደ ተመልካችም ነገ የሚበልጥ ፈንጂ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ጁን 13 ቀን 2009 በሂሮሺማ ሚሳዋ እንደ ሌላው ቀን ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ፤ አልተነሣምም። ዕድሜው 46 ነበር፤ የሞተውም የአንገቱ ነርቭ ተጐድቶ ነው። የወረወረው ሰው አደራ አልበላም፤ ውርወራው በዚያ ሙያ የተለመደ ነበር። ነገር ግን ያ አንገት ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ ወድቆ ነበር? በወደቀም ቍጥር የሚጨበጨበው ምን ያህል ነበር? ያጨበጨብነው እኛ ነን፤ እኔም ያንኑ የ1995ቱን ፊልም እየመለስሁ ሳይ አጨብጭቤአለሁ።

ስለዚህ ለጓደኛችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። አሸናፊው የተወሰነ መሆኑን እቀበላለሁ። ሕመሙን የወሰነው ግን የለም፤ ከፊሉንም የምናዝዘው እኛው ተመልካቾቹ ነን። መጽሐፉን ያስቀምጥና ተመልሶ ከእኛ ጋር ይቀመጥ። ኮባሺ በወዳጁ ላይ ሲተኛ እጃችን እስኪቃጠል እናጨብጭብ። ሰው በአንገቱ ሲወድቅ ግን እጃችንን እንሰብስብ፤ አደራው የእኛም ነውና።