አደይ አበባ ላለበት አገር የፕላስቲክ አበባ?

እህቶቼ፣ እንቁጣጣሽ ስለደረሰ የተሰማኝን ልጻፍ። አምና ለበዓሉ 20 ኪሎ በካርጎ ላክሁ፤ የባትሪ መጫወቻ፣ ርካሽ የናይለን ልብስ፣ የፕላስቲክ አበባ። በመስከረም ደጃችን አደይ አበባ ሞልቶ እኮ ነው! የወር ደመወዜ አለቀበት።

ለጥምቀት ስደውል እማዬ "መጫወቻው ተሰበረ፣ ልብሱም ተተረተረ። ጓሮ ብናቃጥለው ጭሱ ደረቴን ያዘኝ" አለችኝ። አለቀስኩ። ፕላስቲክ ቢቀብሩት አይበሰብስ፣ ቢያቃጥሉት ጭሱ መርዝ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና የለም።

ዘንድሮ ካርጎ ትቻለሁ። ብሩን በባንክ ልኬ የሰፈራችን ሸማኔ ለእማዬ የጥጥ ነጠላ እየሠራላት ነው። 3 የሀበሻ ዶሮም ትገዛለች፣ ለታናሽ እህቴ ደብተር። ነጠላው ቢያረጅ መቋጠሪያ ይሆናል፣ ዶሮዎቹ ይፈለፍላሉ፣ ሸማኔውም በዓሉን ደስ ብሎት ይውላል።

"አረብ አገር ሆና ዕቃ አልላከችም" ይሉኛል ብዬ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ጎረቤት የሚያየው ካርቶኑን ነው። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቆመን ስንሠራ ማን አየን? ላባችንን ለሚቃጠል ነገር አናውጣው።

እናንተስ ዘንድሮ ምን ልትልኩ ነው? ለአገራችን በሰላም ያብቃን።