ነፃ የተባለ ሁሉ ክፍት አይደለም

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ስለ ጎርፍ አንድ ዜና ሠርቼ ነበር። «በሞዴል የተደገፈ ጥናት እንዳመለከተው» ብዬ ጀመርኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፦ «የትኛው ሞዴል?» እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

የውሃ ምህንድስና የሚማር ጓደኛዬን ዶርሙ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። እሱም ሁለት ፕሮግራሞች ከፍቶ አሳየኝ። አንደኛው ስዋት ይባላል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ክፍልና የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በእኛም አገር በጣና ተፋሰስ፣ በጉማራና በግልገል ዓባይ ወንዞች ላይ ተመራማሪዎች ተጠቅመውበታል። ሁለተኛው ኤች ኢ ሲ ኤች ኤም ኤስ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ሥራ ነው። እሱንም ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል፤ ነገር ግን የውስጥ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ ለእኛ ምን ያደርግልናል? በእኔ እምነት ብዙ። ኮዱ የተዘጋ ሶፍትዌር «ስሜ እንዳይጠቀስ» እንደሚል የዜና ምንጭ ነው። እውነት ሊናገር ይችላል፤ ለማጣራት ግን ያስቸግራል። ቀመሮቹ በመመሪያው ላይ ቢጻፉም ኮዱ በትክክል እንደዚያ መሥራቱን የውጭ ሰው ገብቶ ማየት አይችልም።

ጓደኛዬ ግን «አንተ ደግሞ ኮድ ታነባለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነው፣ አላነብም። የሚያነብ ሰው ፈልጌ መጠየቅ ግን እችላለሁ። ሁለተኛው መከራከሪያው ከበድ ይላል። ስዋት በአብዛኛው የሚያሰላው በቀን በቀን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርፉ ከተማዋን ያጥለቀለቃት በአንድ ሌሊት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደራሽ ጎርፍ በደቂቃና በሰዓት የሚያሰላው ኤች ኤም ኤስ የተሻለ ይመቻል። ስለዚህ ክፍት የሆነ ሁሉ ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ደግሞስ የተሳሳተ የዝናብ መረጃ ከገባበት ክፍቱስ ቢሆን ምን ያድናል?

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ስለ ጎርፍም ሆነ ስለ ግድብ ስንጽፍ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የትኛው ሶፍትዌር ነው? የዝናቡና የወንዙ መረጃ ከየት መጣ? ውጤቱስ በወንዙ ላይ ከተለካው ጋር ተነጻጽሯል ወይ? ኮዱ ዝግ ከሆነ ቢያንስ የገባበት መረጃ ይፋ ይሁን ብለን እንወትውት። ዲፓርትመንታችንም ከውሃ ምህንድስና ተማሪዎች ጋር አንድ የጋራ ክፍለ ጊዜ ቢያዘጋጅልን ምን ይጎዳል?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ያልተጠየቀ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ቸር እንሰንብት!