«ጠጥቶ ነበር» ከማለታችን በፊት

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይላሉ አባቶቻችን። የመኪና አደጋ ሲደርስ ግን ከሕግ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬ ነው። ገና አቧራው ሳይበተን «ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህች አባባል የአንድን ሰው የእስር ዘመን ከአምስት ወደ አሥራ አምስት ዓመት ልታደርስ ስለምትችል በአፍ ሳይሆን በምርመራ መረጋገጥ አለባት። በዚህ የሚጠቀመው ደግሞ ሹፌሩ ብቻ አይደለም። የሟች ቤተሰብም ፍትሕ የሚያገኘው በዚሁ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለወሎ ልጆች ሩቅ አይደለም። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በካቤ አድርጎ ወረኢሉ የሚገባውን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለ በግ እንኳን አይታይም። መጋቢት 2010 ዓ.ም. በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። ይህን ያነሳሁት የዚያ አደጋ ምክንያት መጠጥ ነው ለማለት አይደለም። እንዲህ ባለ አገር መሪ የጨበጠ ሰው የስንት ቤት ልጅ ይዞ እንደሚሄድ ለማስታወስ ነው። «ለብርድ» እየተባለች የምትቀመሰዋ አረቄ ደግሞ እንደ ፋብሪካ ቢራ የአልኮል መጠኗ ጠርሙስ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ሹፌሩ ራሱ ምን ያህል እንደጠጣ በልኩ አያውቅም።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይደነግጋል። እንደ ሹፌር ያለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ነገር ግን በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አስገብቶ ከሆነ ቅጣቱ ወደ ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ይዘላል። እዚያ ያለው ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም ግልጽ ደንብን እያወቀ የጣሰም እዚሁ ይገባል። ወዶ የሰከረ ሰው «አእምሮዬን ስቼ ነበር» ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ልዩነቱ በዓመት ብቻ አያበቃም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63፣ ወንጀሉ አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ የዋስትናን በር ይዘጋል። በሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ የተከሰሰ ሹፌር ዋስ ጠርቶ ከቤቱ እየተመላለሰ ሲከራከር፣ በሦስተኛው የተከሰሰው ግን ከእስር ቤት ሆኖ ነው የሚከራከረው። አንድ ሰው በሞተበት አደጋ በሁለቱ መካከል ያለችው ግድግዳ ብዙ ጊዜ «ጠጥቶ ነበር» የምትለዋ ናት።

ታዲያ የተያዘው ሰው ምን መብት አለው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲያውቅ፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በአንቀጽ 20 መሠረት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ በመረጠው ጠበቃ ይከራከራል፤ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል።

«ለሰካራም ደግሞ ምን መብት ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ልጁን የቀበረ አባት እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን እናስተውል። ያንን ሹፌር በመጨረሻ ነፃ የሚያወጣው መብቱ መከበሩ ሳይሆን ማስረጃው በጊዜው አለመያዙ ነው። ዝም የማለት መብት የአፍን ቃል ይጠብቃል እንጂ ምርመራን አያስቀርም። ያው የ1954ቱ ሕግ በአንቀጽ 34 ፖሊስ ሲያስፈልገው የተያዘው ሰው በሐኪም እንዲመረመር፣ ደሙም ጭምር እንዲታይ ይፈቅዳል። እንግዲህ በትንፋሽ የሚለካው መሣሪያ ባይኖር እንኳን መንገድ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከአንድ ሊትር ደም ውስጥ በሰዓት በአማካይ 0.15 ግራም ያህል አልኮል ይወጣል። በአደጋው ጊዜ 0.8 ግራም የነበረበት ሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ቢመረመር 0.2 ገደማ ይገኝበታል። ከዚያ በኋላ ዓቃቤ ሕጉ እጅ የሚቀረው «ይሸት ነበር፣ ይንገዳገድ ነበር» የሚል ምስክር ነው። የሚንገዳገደው ደግሞ ሰክሮ ይሁን ጭንቅላቱን ተመትቶ ማን ያውቃል? ኖርዌይ በ1936 እ.ኤ.አ. የደም አልኮል ልክ በሕግ ወስና ለዓለም ቀዳሚ የሆነችው ነገሩን ከሽታና ከአረማመድ ወደ ቁጥር ለማምጣት ነው። አንዳንዱ ሹፌር ይህን ስለሚያውቅ ሽታው እስኪጠፋ ተሰውሮ አድሮ እጁን ይሰጣል። የገጨውን ሰው ሳይረዳ መሄዱ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ ገብቶ፣ አበጋር ገብቶ ደም ያደርቃል። ደግ ባህል ነው፣ ቂም ያስቀራል። ሆኖም ዕርቅ ክሱን አያስቀርም። ካሳ መክፈልና ከልብ መጸጸት ቅጣት ያቀልለታል እንጂ ሞትን እንዳልሆነ አያደርገውም።

ስለዚህ አደጋ በደረሰ ጊዜ ፖሊስ ሹፌሩን ከጣቢያ በፊት ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው፤ የተያዘበትንም ሆነ ደሙ የተወሰደበትን ሰዓት ይመዝግብ። የተለካው ቁጥር የጠጣውን ያስቀጣል፣ ያልጠጣውን ያድናል።

እኛ ነገ ማይክራፎንና ብዕር የምንይዝ ተማሪዎችም የቤት ሥራ አለን። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽና ጥፋተኛ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ገና ደሙ ሳይመረመር «ሰካራሙ ሹፌር» ብለን የዘገብን ቀን ከዳኛው በፊት ፈርደናል። የምናስገባው ዜና ላይ «ተመርምሯል ወይ? በስንት ሰዓት?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎችን መልሰን እንጻፍ። ያን ጊዜ ወሬ ሳይሆን ዜና ሠራን ማለት ነው።