ላቲን ዓይን ይጠይቃል ያለው ማነው?

ላቲንን በርቀት የሚያስተምሩ አንድ መምህር፣ ዓይነ ስውር ተማሪያቸው «የሚላክልኝን ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ቢያመለክት የሰጡት መልስ ይህ ነው፦ «ምን ላድርግህ፣ ላቲን እኮ የዓይን ቋንቋ ነው። አሁን የሚነበብ እንጂ የሚደመጥ አይደለም።» በክፋት አልተናገሩትም፤ እያዘኑ ነው። ይበልጥ ያበሸቀኝም ሐዘኔታቸው ነው።

እሺ መምህር፣ የሚያስተምሩት ቋንቋ ራሱ ይመስክር። በላቲን የስድ ጽሑፍ ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሚጠሩት ሰው አፒየስ ክላውዲየስ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ስማቸውን የያዘውን የሮም አውራ ጎዳና ያስጀመሩት እሳቸው ነበሩ። እኒህ ሰው አርጅተው፣ ዓይናቸውም ጠፍቶ ሳለ ሴኔት ገብተው ከንጉሥ ፒረስ ጋር ሊደረግ የታሰበውን ዕርቅ በንግግራቸው አፈረሱት። ንግግሩ እስከ ሲሴሮ ዘመን ድረስ ይነበብ ነበር። በእርስዎ ሚዛን ግን ተናጋሪው ለመጀመሪያው ኮርስ እንኳ አይበቁም።

ጆን ሚልተንስ? የእንግሊዝ መንግሥት ለውጭ አገር የሚልከውን የላቲን ደብዳቤ እንዲጽፍ በ1649 እ.ኤ.አ. ተሾመ። በ1652 ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። ሹመቱን ግን አልተወም፤ ሌላ ሰው እያነበበለት ሰማ፣ በቃሉ እየተናገረ አስጻፈ።

ለእኛ የሚቀርብም ምስክር አለ። የአባ ሰላማን ታሪክ በላቲን ጽፎ ያቆየው ሩፊኖስ፣ በእስክንድርያ ከዲዲሞስ እግር ሥር ተቀምጦ ተምሯል። ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ የታወረ ሊቅ ነበር። ያስተማረው በግሪክኛ ቢሆንም፣ መጽሐፍ መመርመር ያለ ዓይን አይሆንም ለሚል ሰው ከበቂ በላይ መልስ ነው። በእኛም አብነት ትምህርት ቤቶች ዓይናቸው የጠፋ ሊቃውንት ግእዝን በቃል ተቀብለው በቃል አስተምረዋል።

ለመሆኑ የላቲን ግጥም በምን ይመዘናል? ቀለማቱ በመርዘማቸውና በማጠራቸው አይደለም እንዴ? ይህን የሚለየው ጆሮ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት በረጅሙ አናባቢ ላይ ሰረዝ የሚያኖሩትም ጆሮ ሊሰማው የሚገባውን ለማስታወስ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ተማሪው ይሰማል። በርቀቱ ትምህርት እርስዎ ድምፁን አስቀሩና ምን ላኩ? የመጽሐፍ ገጽ ፎቶግራፍ፤ ስሙ ፒዲኤፍ! ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለት የተማሪው ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል፤ ሥዕል እንጂ ፊደል አላገኘማ። ፊደል ቢያገኝ እንኳ ቋንቋው ላቲን መሆኑ በፋይሉ ውስጥ ካልተመለከተ፣ ቨርጂልን በእንግሊዝኛ አነባበብ ያንኮላኩለዋል። በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር ግን የላቲን ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። ለማሽኑ የተሰማ ቋንቋ እንዴት ለመምህሩ ሳይሰማ ቀረ?

እንግዲህ የዓይን ብቻ የሆነው የእርስዎ ፋይል ነው፤ ላቲንን ለቀቅ ያድርጉት። «ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ ጭነናል፣ በራችን ለሁሉ ክፍት ነው» የሚለውን ፉከራም እንዲሁ። በሩ ተከፍቶ መግቢያው በድንጋይ ከተዘጋ ምን ጥቅም አለው?

ሥራው ደግሞ ተአምር አይጠይቅም። ጽሑፉን ይተይቡት። ረጃጅሞቹን አናባቢዎች ያመልክቱ። ቋንቋው ላቲን ነው ብለው ለፋይሉ ይንገሩት። የርባታውን ሠንጠረዥ በሥዕል አይላኩ። ከሁሉም በላይ ምንባቡን በራስዎ ድምፅ አንብበው፣ ቀድተው ይላኩ፤ ማየት የሚችሉት ተማሪዎችም ያመሰግኑዎታል። ይህን ሁሉ አላደርግም የሚሉ ከሆነ መብትዎ ነው እንበል፤ ግን ከተማሪው ክፍያ ከመቀበልዎ በፊት በግልጽ ይንገሩት። ስንፍናዎን በላቲን አያሳብቡ።