ቴርሞስታቱን መልሱልን

በአዲስ አበባ ጋራዦች በየቀኑ የምትነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ስሰማት ደሜ ይፈላል። «ይሄ እኮ ለኛ አገር አያስፈልግም!» ትባላለች፤ መፍቻው ይዞራል፤ መዳፍ የማይሞላ ዕቃ ከሞተሩ ተፈልቅቆ ይወጣና ከተቃጠለ ዘይትና ከአሮጌ ፊልትሮ ጋር ይጣላል። ባለመኪናው ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። የተጣለው ቴርሞስታት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሞተሩ ያለ ዕድሜው እንደሚያረጅ የነገረው የለም።

«ለአንዲት ትንሽ ብረት ይህን ያህል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ይህን ያህል! የቤተሰብ መኪና በዚህ ከተማ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረት ነው፤ ቤቱ የኪራይ ለሆነበት ደግሞ ያለው ንብረት እሱ ብቻ ነው። በዕቁብ ተጠራቅሞ፣ ወርቅ ተሽጦ፣ ከውጭ ያለ ወንድም ጨምሮበት የተገዛ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። እንግዲህ ዛሬ ደጃችን የቆመችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ብትሞትብን በምን እንተካታለን? እንዲህ ባለ ጊዜ ከሞተር ላይ ዕቃ እየነቀሉ መጣል ከሰው መሶብ ላይ እንጀራ እንደ መንጠቅ ነው።

ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ቴርሞስታት በሰም የሚከፈት ትንሽ በር ነው። ሞተሩ ሲነሳ በሩ ዝግ ነው፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይወጣ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ሙቀቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ይቀልጣል፣ ያብጣል፣ በሩን ይገፋል፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ሲበርድ ሞላው በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ሽቦ የለውም፣ ኮምፒዩተር የለውም። ሙቀትም ብርድም ቢሆን ሥራውን ያውቃል።

ሞተር የተሠራው ሞቆ እንዲሠራ ነው። ፒስቶኑና ሲሊንደሩ የሚገጣጠሙት፣ ዘይቱም በልኩ የሚቀጥነው በሥራ ሙቀቱ ላይ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በተለይ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ እዚያ ሙቀት ላይ ለመድረስ ዕድሜ ይፈጅበታል፤ በአጭር መንገድ ከሆነ ጭራሽ ሳይደርስ ይጠፋል። የመኪናው ኮምፒዩተር «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ጨምሮ ይረጫል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ከቃጠሎው የሚወጣው እርጥበትም ተኖ መውጣት ሲገባው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቢሮ፣ ከዚያ ገበያ፤ የከተማ ቤተሰብ መኪና ኑሮዋ ይኸው አጭር አጭር መንገድ ነው። በነዳጅ ዋጋ እየጮኽን፣ ለነዳጅ ተሰልፈን እያደርን፣ በገዛ እጃችን ቤንዚን የምታባክን መኪና እንሠራለን!

ደግሞ «ለኛ አገር» የሚባለው የቱ አገር ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጋቢ ደርበን የምንወጣባት ከተማ ናት። ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጥላል። ቆላውን ካነሳንም እሺ፣ አዋሽና ድሬዳዋ ይሞቃል፤ ግን ሞቃት አገር ላይ ቴርሞስታቱ በሩን በሰፊው ከፍቶ ይቀመጣል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ዱባይና ሪያድ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያቃጥል ሙቀት የሚነዱ መኪናዎች ሁሉ ቴርሞስታት አላቸው። ከዱባይ የመጣችው ያሪስ ቴርሞስታቷን ይዛ ነው የመጣችው። የዱባይን በጋ ችላ የኖረችው መኪና እኛ ዘንድ፣ በብርድ አገር፣ «ለሙቀት አይሆንም» ተብሎ አካሏ ይጎድላል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው፤ ለምትሞቅ መኪና መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ራሱ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ቴርሞስታቶች ከታች በኩል ሁለተኛ ትንሽ በር አላቸው። ዋናው በር ሲከፈት ያቺኛዋ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ትዘጋለች፤ ውሃው ሁሉ በራዲያተር በኩል እንዲያልፍ። ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ስትጥሉ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ እዚያው እየዞረ ይኖራል። መኪናዋ አዳማ መንገድ ላይ ሞቀች ተብሎ በተደረገላት ሕክምና ምክንያት ጭራሽ ይብሳታል። ከዚያስ? ፋኑ «ዳይሬክት» ይደረጋል፤ ቁልፍ ሲዞር ጀምሮ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት እየሸፈኑ መሄድ ጥገና ተባለ።

የቤታችን ኮሮላ እጃችን የገባችው በሁለተኛ እጅ ነው። ከእንጦጦ ስንወርድ የሙቀት መርፌዋ እስከ ታች ትወርድ ነበር፤ ጠዋት ጠዋትም ቤንዚን ትጠጣለች። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የዘይት መሙያ ክዳኑን ፈታ፣ ከሥሩ ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር አሳየኝ፣ ፈረደ፤ «ጋስኬት ነው፤ ቴስታታው ይወርዳል።» ማኅተሙ ተበላሽቷልና የሞተሩ ራስ ይፈታል ማለቱ ነው። ጠየቅሁት። የራዲያተሩ ውሃ ይቀንሳል? አይቀንስም። ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይፈላል? አይፈላም። ታዲያ ጋስኬት መሆኑን በምን አወቅህ? መልሱ ይህ ነበር፦ «እህቴ፣ ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገራለን።»

ባለቤቴ አልመጣም። መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። ሌላ ቦታ የቴርሞስታቱ ቤት ሲፈታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያ ነጭ ነገር ሞተሩ እየበረደ ሲሠራ የተጠራቀመ እርጥበት ከዘይት ጋር ተመትቶ የፈጠረው ነው እንጂ ቴስታታ የሚያስወርድ ነገር አልነበረም። አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ ነጩም ጠፋ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሄደን ቢሆን ኖሮ ደህና ቴስታታ ወርዶ፣ ቶርኖ ቤት ዞሮ፣ ጋስኬቱ ተቀይሮ፣ ሒሳቡ ከእኛ ኪስ ይወጣ ነበር። በሽታውም እዚያው በተቀመጠ! ስንት ቤተሰብ በዚህ መንገድ ተራቁቷል? ስንት ሴት «ባለቤትሽ ይምጣ» ተብላ ጥያቄዋን ውጣ ተመልሳለች?

አሁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ልምጣ፤ ይህቺን ነገር ማንም ሲያነሳት አልሰማም፣ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከሁሉ ትበልጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ደግሞ ፋኑ የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። አስተውሉ፤ ግፊት ባይኖር ኖሮ ውሃችን ፋኑ ሳይነሳ ይፈላ ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው፤ ይይዘዋል የሚባለውን ግፊት ይናገራል። 1.1 የሚለው ክዳን በትክክል ከያዘ አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፤ ውሃው ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ መርፌው ይወጣል። ያኔ ጋራዡ ምን ያደርጋል? ቴርሞስታት ያወጣል! አንድ ክዳን መቀየር ሲበቃ!

ውሃውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። «ኩላንት ለበረዶ አገር ነው» የሚለው ወሬ የዚያችው ዓረፍተ ነገር ታናሽ እህት ናት። ኩላንት ከመቀዝቀዝ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ አልሙኒየሙን ቴስታታና ራዲያተር ከዝገት ይጠብቃል፣ የውሃ ፓምፑን ማኅተም ያቆያል፣ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ከቧንቧ ተቀድቶ የሚሞላ ውሃ ዓመት ካለፈው ራዲያተሩ ውስጥ ዝገትና ደለል ይሠራል። ከዚያ የተደፈነው ራዲያተር መኪናዋን ያሞቃታል፤ ጥፋተኛው ግን ያው ምስኪን ቴርሞስታት ይሆናል።

መካኒኮቹን ሁሉ በአንድ ዓይን እያየሁ አይደለም። ፀሐይና ዝናብ ላይ መሬት ተኝተው፣ የመረጃ መጽሐፍ ሳይኖራቸው፣ በጆሮና በጣት ብቻ ሞተር የሚያድኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ እጃቸውን አከብራለሁ። ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ሞተር እንደሚገድልም አውቃለሁ፤ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ላይ ስሙ በታወቀ ካርቶን ውስጥ ሐሰተኛ ዕቃ ሲሸጥም አይቻለሁ። ባለመኪናውም «ዛሬውኑ ይዤ ካልወጣሁ» ይላል። ቢሆንም ዕቃ ለጊዜው ከወጣ «ለጊዜው ነው፤ አዲሱን ግዛና ና» ይባላል። የማልቀበለው «አያስፈልግም» የሚለውን ነው። ያ ውሸት ነው። ከአባት መካኒክ ወደ ልጅ መካኒክ፣ ከዋናው ሠራተኛ ወደ ረዳቱ እየተላለፈ ዕውቀት የመሰለ ውሸት! የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራን፣ ይህን ውሸት ከሥር መንቀል የእናንተ ዕዳ ነው። ወጣቱ ከእናንተ ወጥቶ ጋራዥ ሲገባ የሚያሸንፈው ወሬው ከሆነ ምን አስተማራችሁት?

ባለመኪኖች ደግሞ የራሳችንን ፈተና እንፈትን። መርፌ የሌላት ቪትዝ ወይም ያሪስ ሰማያዊ መብራት አላት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትበራለች፣ ሲሞቅ ትጠፋለች። ጥቂት ተነድቶም ካልጠፋች ቴርሞስታቱ ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። መኪናዋ ትራፊክ ላይ ስትቆም ብቻ የምትሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑን ጠርጥሩ፤ ዳገት ላይና ረጅም መንገድ ላይ የምትሞቅ ከሆነ ራዲያተሩንና የውሃ ዝውውሩን ጠርጥሩ። ውሃ ሳይፈስ የሚጠፋ፣ ራዲያተሩም ውስጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ ያኔ ስለ ጋስኬት ይወራ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ቴርሞስታቱንም ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውሃ ውስጥ ንከሩትና እሳት ላይ ጣዱት። በ82 ዲግሪ የሚከፈተው ዓይነት ከሆነ፣ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መሐል መከፈት ከጀመረ ደህና ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ የሚለካው በ95 ዲግሪ ነው፤ እኛ ዘንድ ውሃው ከዚያ በፊት ይፈላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ባይከፈት «ተበላሽቷል» ብሎ የሚፈርድ ሰው ካለ ፍርዱን አትቀበሉ።

ከጋራዦች የምጠይቀው ውለታ አይደለም፤ መብቴን ነው። ከመኪናዬ የወጣ ዕቃ ሁሉ በእጄ ይሰጠኝ፣ ደረሰኙ ላይም ይጻፍ። መኪና የምትሸጡም ቴርሞስታት ካወጣችሁ ለገዢው ንገሩት። ከዚህ ቀደም ወጥቶ ከሆነ ደግሞ በዚህ ሳምንት ይመለስ፤ በሞተሩ ዓይነት የሚገባው ይገዛ፣ ጎማ ቀለበቱ አዲስ ይሁን፣ ትንሿ የአየር ማውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትዙር። ውሃው ወጥቶ ኩላንት ይሞላ፣ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩ ይነሳ። «ለኛ አገር አያስፈልግም» የሚል ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።