ቀኑን ማን ገፋው?

እቁባችን የሚወጣው በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ሠፈር፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጣ ይጣላል። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ዳኛችን ገንዘቡን ሁለቴ ቆጥረው ለባለ እጣው ያስረክባሉ፤ ከዚያ ምግብ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ምግብ ቤቱም ቡና ቤቱም በአንድ ቀን ትእዛዝ ሲዘጋ ከእቁብተኛው ግማሹ ሥራ ፈታ። መሰብሰብ ስለተከለከለ በስልክ ተገናኘን። ወጣቶቹ «ቀኑ ይገፋ» አሉ። እትዬ ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሺ ይገፋ። እስከ መቼ? እጣ ያልደረሰው ሰውስ ምን ይሁን? ደግሞስ ነገ አንዱ መጥቶ ለምን ገፋችሁት ቢለኝ ምን ብዬ ልመልስ?» አሉ።

ሦስተኛዋን ጥያቄ ያኔ ንቄያት ነበር። ይህን የምጽፈው ግን በእሷ ምክንያት ነው።

በዚያው ሰሞን የአገሩ የደመወዝ ዳኞችም ይህንኑ ጥያቄ ታቅፈው ተቀምጠዋል። በአውስትራሊያ ፌር ወርክ ኮሚሽን የሚባል ተቋም የዝቅተኛውን ደመወዝ ወለል በየዓመቱ ይከልሳል። ሰባት አባላት ያሉት ጉባኤ ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከአሠሪዎችና ከመንግሥት የጽሑፍ አስተያየት ይቀበላል፣ ያከራክራል፣ ይወስናል። አዲሱ ደመወዝ ጁላይ 1 ይጀምራል። እዚህ አገር የሚኖር ሐበሻ ስለ ፖለቲካው ባያውቅ እንኳ ጁላይ 1ን ያውቃታል፤ እንደ እንቁጣጣሽ ነው የሚጠብቃት።

በ2020 የክለሳው የጊዜ ሰሌዳ ተፋለሰ። ተከራካሪዎቹ ወረርሽኙ ገና ወሬ ሳለ ያዘጋጁት ጽሑፍ ብዙ ሳይቆይ አረጀ። በማርችና በኤፕሪል መካከል ብቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከሥራ ወጣ። መንግሥትም በሜይ ሊያቀርበው የነበረውን በጀት ወደ ኦክቶበር አሻገረው። ኮሚሽኑ የጊዜ ሰሌዳውን አሻሻለ፤ ወገኖቹ አዲሱን ሁኔታ አይተው እንደገና እንዲጽፉም ዕድል ሰጠ። ይህ ተገቢ ነበር። ቤት እየተቃጠለ ባለፈው ዓመት የጣራ ሂሳብ አይከራከሩም።

ግን ልብ በሉ፤ የመግፋቱ ሥልጣን አጥር ነበረው። ሕጉ በእያንዳንዱ የበጀት ዓመት አንድ ክለሳ ይካሄድ ይላል፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ጁን 30 ያልቃል። የክርክሩን ቀን ወዲህ ወዲያ ማድረግ ይቻላል፤ ዓመቱን መዝለል ግን አይቻልም። የሚጀምርበትን ቀን ከጁላይ 1 ለማሳለፍም ልዩ ሁኔታ መኖሩን ማሳየት፣ መዘግየቱም ያ ልዩ ሁኔታ የነካውን ክፍል ብቻ እንዲመለከት ማድረግ ግድ ነው።

ውሳኔው ጁን 19 ቀን ወጣ። የሠራተኛ ማኅበራቱ ምክር ቤት 4 በመቶ ጠይቆ ነበር፤ አሠሪዎቹ በበኩላቸው ምንም አይጨመር ብለዋል። የኮሚሽኑ ጉባኤ በአብላጫ ድምፅ 1.75 በመቶ ጨመረ። በሳምንት 740.80 ዶላር የነበረው ወለል 753.80 ሆነ፤ በሰዓት 19.84 ማለት ነው። አሥራ ሦስት ዶላር። ከጉባኤው አባላት ፕሮፌሰር ማርክ ውደን ይህም አይገባም ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን አስፍረዋል።

ነገሩ የከረረው ከመቶኛው ይልቅ በቀኑ ላይ ነው። ወለሉ ራሱ ጁላይ 1 ጀመረ። ከወለሉ በላይ ያለው፣ እዚህ አዋርድ በሚባሉት በየሙያ ዘርፉ በወጡ የደመወዝ ደንቦች የሚተዳደረው ሠራተኛ ግን በሦስት ተራ ተከፈለ። ነርሷ፣ አረጋውያንን የምትጦረው፣ ሕፃናት የምትጠብቀው ከጁላይ 1። ግንባታና ፋብሪካ ከኖቬምበር 1። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ችርቻሮ ንግድ፣ አየር መንገድ፣ ቱሪዝም ደግሞ ከፌብሯሪ 1 ቀን 2021።

እኔ ያኔ የሆቴል ክፍል አጽጂ ነበርኩ። ሦስተኛው ተራ ውስጥ።

በሳምንት 800 ዶላር የሚያገኝ ሰው እንውሰድ። 1.75 በመቶው 14 ዶላር ነው። ከጁላይ እስከ ፌብሯሪ ሰባት ወር፣ ሠላሳ ሳምንት ገደማ፣ 420 ዶላር። ለአንዳንዱ የእራት ግብዣ ነው፤ ለእኛ የአንድ ክረምት የማሞቂያ ሂሳብ ነበር። ገንዘቡ ደግሞ ዘገየ ብቻ አይባልም። እቁብ ላይ የመጨረሻው እጣ የደረሰው ሰው ቢያማርርም ሙሉውን ጠቅልሎ ይገባል። እዚህ ያለፈው ወር አይካካስም፤ ፌብሯሪ ላይ ሲጀመር የሰባቱ ወር ጭማሪ የትም የለም። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳ ተስተካከለ የሚለውን ቃል በጋዜጣ ባነበብኩ ቁጥር በልቤ የምተረጉመው ከዚህ ሰው ኪስ ይህን ያህል ተወሰደ ብዬ ነው። የቤት ኪራዩ፣ ዳቦው፣ የባቡር ትኬቱ በሦስት ተራ አልተከፈሉም።

አሠሪዎቹ ዋሹ አልልም። የምሠራበት ሆቴል ፎቅ በፎቅ ጨልሞ አይቼዋለሁ፤ አሳንሰሩ ውስጥ የገዛ እግሬ ድምፅ ያስደነግጠኝ ነበር። እንግዳ የሌለው ሆቴል ደመወዝ ጨምር ቢባል ከየት ያመጣል? ብዙዎቻችንን ያቆየን መንግሥት ጆብኪፐር ብሎ በየሁለት ሳምንቱ በአሠሪው በኩል የሰጠው 1,500 ዶላር ነው። እሱም ለሁሉም አልደረሰም፤ ከእቁባችን ሁለቱ በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ልጆች ነበሩ፤ አንዲት ሳንቲም አላዩም።

ችርቻሮው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ማርች ላይ ሰው ለሽንት ቤት ወረቀት ሲጋፋ፣ መደርደሪያው በየማለዳው ሲራቆት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ማስክ ስትጋፈጥ ሁላችንም አይተናል። የልብስ ሱቁ እውነትም ተዘግቷል፤ የምግብ ሱቁ ግን ገበያው ደርቶ ነበር። ተራው የወጣው በዘርፍ እንጂ በሱቅ አልነበረምና ሁለቱ አንድ ሰልፍ ላይ ቆሙ። ለጽሕፈት ይመቻል።

የመጀመሪያው ተራም ቢሆን ያን ያህል አያስቀናም። ከእቁባችን አንዷ አረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ ጭማሪዋ ጁላይ 1 ገባላት። ጁላይ 4 ከሰዓት በኋላ ፖሊስ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልቦርን ያሉትን ዘጠኝ የመንግሥት የኪራይ ሕንፃዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ከበበ። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው፣ ብዙው እንደኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ፣ በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። እሷም ከነሱ አንዷ ነበረች። በሳምንት የተጨመረላትን ዶላር እየቆጠረች በመስኮት ፖሊስ ታያለች። በኋላ የቪክቶሪያ ግዛት ዕንባ ጠባቂ ያ አፈጻጸም ሰብዓዊ መብትን የጣሰ እንደነበር በሪፖርቱ ገልጿል። የያኔው የግዛቱ መሪ ዳንኤል አንድሩስ በዚያው ወር ከሜይ አጋማሽ ወዲህ ከተያዙት ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ በሥራ ቦታ የተያዙ ናቸው ሲሉ ማንም አልደነገጠም። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው እያሳለም ሥራ ይገባል። የሕመም ፈቃድ የሌለው ጊዜያዊ ሠራተኛ አንድ ቀን ቢቀር አንድ ቀን አይበላም። በወረርሽኝ ጊዜ የደመወዝ ወለል የጤና ጉዳይ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከፉትስክሬይ በባቡር ጥቂት ጣቢያ አለፍ ሲሉ ሰንሻይን ይደረሳል። ስሙን ያገኘው ከማጨጃ ማሽን ፋብሪካ ነው። በ1907 ዳኛ ሄንሪ ሂጊንስ የዚያን ፋብሪካ ባለቤት የማኬይን ጉዳይ መርምረው፣ ሙያ የሌለው ተራ ሠራተኛ ሚስቱንና ሦስት ያህል ልጆቹን ይዞ እንደ ሰው ለመኖር በቀን ሰባት ሽልንግ ያስፈልገዋል አሉ። ማኬይ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ ጉዳዩ የቆመበትን የታክስ ሕግ አስፈረሰው፤ ሰባቷ ሽልንግ ግን ለአሥርት ዓመታት መለኪያ ሆና ኖረች። በዚያ ባቡር ባለፍኩ ቁጥር አስባታለሁ። የዳኛው መነሻ ጥያቄ ሰው ለመኖር ስንት ይበቃዋል የሚል ነበር፤ አሠሪው ስንት ይችላል የሚለው በኋላ የመጣ ነው። በክፉ ዘመን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በ2009 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ጊዜ የያኔው የደመወዝ ኮሚሽን ወለሉን 543.78 ዶላር ላይ አቁሞት ነበር።

በ2020 ለአንድ ጊዜ የተገፋችው ቀን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ስንት ፈጀባት ብትሉኝ መልሱ ያስገርማችኋል። በ2021 ክለሳ 2.5 በመቶ ሲጨመር አብዛኛው ዘርፍ ጁላይ 1 አገኘ፤ ችርቻሮው እስከ ሴፕቴምበር፣ ሆቴልና ምግብ ቤቱ እስከ ኖቬምበር ጠበቀ። በ2022 ደግሞ ሆቴሉ ለኦክቶበር ተቀጠረ። በዚያ ዓመት ሎክዳውኑ አልፏል፤ ሆቴሉ ሞልቷል፣ እንዲያውም ሠራተኛ አጣሁ እያለ ያማርራል። የዋጋ ንረቱ በዓመቱ መጨረሻ 7.8 በመቶ ደረሰ። እኛም እንጠብቃለን። ሁላችንም እኩል ጁላይ 1ን ያየነው በ2023 ነው። ፌብሯሪ፣ ኖቬምበር፣ ኦክቶበር፣ ጁላይ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ ለዚህም ነው። የመጀመሪያውን ዓመት መግፋት እቀበላለሁ። ሦስተኛውን ግን ዛሬም አልቀበልም፤ አንዴ የተገፋ ቀን ልማድ ሆኖ መቅረቱን ነው ያየሁበት።

እንዲያም ሆኖ የምቀናበት ነገር አለ። እነዚያ ሰባት ሰዎች ለምን ገፋችሁት ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ መስጠት ነበረባቸው። የትኛው ዘርፍ ስንት ሥራ እንዳጣ፣ ለምን ይህኛው በዚህ ተራ እንደገባ፣ ያልተስማማው አባል ለምን እንዳልተስማማ ሁሉ በይፋ ሠፍሯል። በውሳኔው እናደዳለሁ፤ በማን እንደምናደድና በየትኛው አንቀጽ እንደምናደድ ግን አውቃለሁ። የእትዬ ሦስተኛ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ቀን የተጻፈ እንደሆነ ቀኑን የገፋው ሰው ተጠያቂ ይሆናል።

አገር ቤት ላላችሁት ይህ የቅንጦት ቅሬታ ሊመስላችሁ ይችላል። የተገፋ ቀን ለማማረር መጀመሪያ ቀን ሊኖር ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ይናገራል። አዋጁ በወጣበት ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ የዋጋ ንረቱ መጣ፣ የብሩ መዳከም መጣ። ለእያንዳንዱ ዓመት የሚበቃ ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ደጋግሞ ጠየቀ፤ የግሉ ዘርፍ ወለል ዛሬም አልተቆረጠም። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች በ2017 ዓ.ም. መነሻውን ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲያደርግ የፋብሪካዋ ልጅ በቴሌቪዥን ተመለከተች።

መቸኮል አይቻልም ነበር እንዳይባል፣ በወረርሽኙ መባቻ መንግሥት፣ ኢሠማኮና የአሠሪዎች ተወካዮች በጥቂት ሳምንታት ተስማምተው የሥራ ቦታ ፕሮቶኮል አውጥተዋል፤ ከዚያ ውጭ ሠራተኛ ማሰናበትም ተከልክሎ ነበር። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። የሚጎድለው በየጊዜው የምትለዋ ቃል ነች። በየጊዜው ቀን አይደለችም። ማንም ሳይገፋት ትገፋለች፤ የገፋት ስለሌለም የሚጠየቅ የለም። የአውስትራሊያው አጽጂ 420 ዶላሩን ቆጥሮ ማን እንደወሰደበት ይናገራል። የሐዋሳዋ የልብስ ፋብሪካ ልጅ ስንት እንደቀረባት የምትቆጥርበት መነሻ እንኳ የላትም።

እናም ደንቡን ለምታረቁት ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። ስለ መጠኑ ተከራከሩ፤ ትንሽ ቢሆን እንኳ ትንሽ ይሁን። አሠሪው ሲቸገር የሚገፋበት በርም ይኑረው፤ ክፉ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ብቻ ክለሳው በየዓመቱ በየትኛው ወር እንደሚጠናቀቅ፣ አዲሱ ደመወዝ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር፣ ቀኑን የገፋው አካል በስንት ቀን ውስጥ ምክንያቱን በይፋ እንደሚጽፍ፣ የተገፋውም መቼ ወደ ቦታው እንደሚመለስ በቁጥር አስፍሩት። ሐምሌ 1 ቢሆን ጥሩ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ያኔ ይጀምራልና ለማስታወስም አይከብድም።