የ349 ቆርኪ አያስቅም

ያረጁ ማስታወቂያዎችንና ግራ የሚያጋቡ የሽያጭ ዘዴዎችን እየለቀሙ ለሳቅ የሚያቀርቡ ጸሐፍት የፔፕሲን የ349 ቁጥር ታሪክ ከቀልዶቻቸው ተርታ ያሰልፉታል። እኔ ግን አልስቅም። ቆርኪ ገልብጦ ዕድሉን የሚፈልግ ሰው በእኛም ከተሞች ሞልቷልና።

ሜይ 25 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ምሽት የፊሊፒንስ ቴሌቪዥን የአንድ ሚሊዮን ፔሶ ዕጣ የወጣበትን ቁጥር 349 ሲል አወጀ። ለካስ ይኸው ቁጥር ወደ 800,000 በሚጠጉ ቆርኪዎች ታትሞ ኖሯል! ሕዝቡ ቆርኪውን ይዞ ወደ ፋብሪካዎቹ በር ጎረፈ። ኩባንያው ጥፋቱን በኮምፒዩተር አላከከ፤ የማረጋገጫው ኮድ ትክክል አይደለም አለና ለያንዳንዱ ቆርኪ 500 ፔሶ ሊሰጥ ተስማማ።

ገንዘቡንም ካሣ አላለውም፤ የበጎ ፈቃድ ስጦታ አለው እንጂ። ቃላትን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በማሻገር እንጀራውን ለሚበላ እንደ እኔ ላለ ሰው የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ካሣ በዳይ መኖሩን ያምናል፤ በጎ ፈቃድ ግን ተበዳዩን አመስጋኝ ያደርገዋል።

ቁጣው መኪና አቃጠለ። በፌብሩዋሪ 1993 ማኒላ ውስጥ በኩባንያው መኪና ላይ የተወረወረ የእጅ ቦምብ አንዲት መምህርትና የአምስት ዓመት ሕፃን ገደለ። (ለወርዋሪው ጥብቅና አልቆምም።) በ2006 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ተጠያቂ አይደለም ሲል ፈረደ።

ሕጉ እንዲያ ይል ይሆናል። ነገር ግን ዘመቻው «የቁጥር ትኩሳት» ተብሎ ለወራት ሲለፈፍ ከርሞ፣ በመክፈያው ቀን ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን ኮዱ ነው ማለት ከምን ዓይነት ሒሳብ ይገባል?